ቻይናዊ፣ ኮሪያዊ፣ ጃፓናዊ ወይ ቬትናማዊ ታካሚ ለምትይዙ ሐበሾች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰላም ናችሁ። እኔ ኖርዘርን ቨርጂኒያ ነርስ ነኝ፣ ከዛ በፊት ደሞ ለብዙ አመት ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ነበርኩ። እዚህ አካባቢ አናንዴል በኮሪያኖች የታወቀች ናት፣ ፎልስ ቸርች ኤደን ሴንተር የሚባለው የቬትናሞች ገበያ አለ፣ ቻይናዎቹም በየሰፈሩ አሉ፣ እና የነዚህን ሰዎች እናትና አባት ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚያገላብጥ፣ የሚያጥብ፣ የሚያበላው ሰው ብዙ ጊዜ የኛው ልጅ ነው። አዲስ ስራ የጀመሩ እህቶችና ወንድሞች ሺፍታቸውን ጨርሰው ይደውሉልኛል፣ ጥያቄው ሁሌ ተመሳሳይ ነው፣ ስለዚህ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው። አመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ሃይማኖታቸው ምንድነው? ቡድሂስት ናቸው አይደል?

እንደዛ በአንድ ቃል አይለቅም። እኛ ሃይማኖት ስንል አንዱን ይዞ ሌላውን መተው ነው፣ እዛ ግን አንድ ሰው ውስጥ ሦስት አራቱ አብረው ይኖራሉ። ኮንፊሽየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ551 እስከ 479 የኖረ ቻይናዊ አስተማሪ ነው፣ ትምህርቱ በአብዛኛው ልጅ ለወላጅ፣ ታናሽ ለታላቅ፣ ገዢ ለተገዢ እንዴት መሆን እንዳለበት ነው። ታኦይዝም ደሞ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ መኖርን ይላል፣ የሰውነት ሚዛን የሚሉት ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ቡድሂዝም ከህንድ ተነስቶ የዛሬ 2000 አመት አካባቢ ቻይና ገባ፣ በ372 ኮሪያ ደረሰ፣ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን። ጃፓን ሺንቶ የሚባል የራሷ ጥንታዊ እምነትም አላት። አንድ ጃፓናዊ ሲወለድ ሺንቶ ቤተ መቅደስ ይወሰዳል፣ ሲሞት የቡድሃ መነኩሴ ይጸልይለታል፣ ሃይማኖትህ ምንድነው ስትሉት ግን የለኝም ሊላችሁ ይችላል።

ኮሪያኖቹን ደሞ በተለይ ተጠንቀቁ። በ2015ቱ የኮሪያ ቆጠራ 56 ከመቶው ሃይማኖት የለኝም ነው ያለው፣ ወደ 20 ከመቶው ፕሮቴስታንት፣ 8 ከመቶው ካቶሊክ፣ ቡድሂስት የሆነው 15 ከመቶ ተኩል ገደማ ነው። አዲስ አበባ ኮሪያ ሆስፒታል የምንለውን ያሰራው የኮሪያ ቤተ ክርስቲያን አይደል እንዴ። ስለዚህ ፊቷን አይታችሁ ቡድሂስት ናት ብላችሁ እንዳትደመድሙ፣ ጠይቁ። ጴንጤ የሆነች ኮሪያዊት አያትም ብትሆን ግን ስለ ወላጅና ልጅ ያላት አስተሳሰብ ከኮንፊሽየስ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ክርስትናዋ ያንን አላጠፋውም።

ልጅየው "ለአባቴ ካንሰር መሆኑን እንዳትነግሩት" አለኝ። ይሄ እንዴት ይሆናል?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣል፣ እና እውነቴን ነው የምላችሁ እኛ ይሄን ከፈረንጁ ቀድመን ልንረዳ የሚገባን ሰዎች ነን። እኛ ጋ መርዶ እንዲሁ በስልክ ይነገራል? ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ ቤት ድረስ ተሂዶ አይደል። አገር ቤት ያለች እናታችን ከባድ በሽታ ሲገኝባት ትንሽ ጨጓራ ነው ብለን ስንት ወር ይዘናት እንቆያለን።

እነሱ ጋ ነገሩ የሚመጣው ቻይናዎቹ ሺያው ከሚሉት ነው፣ ልጅ ለወላጁ ያለበት ግዴታ ማለት ነው፣ ማክበር ብቻ ሳይሆን ሸክሙን መሸከም። አባት ከታመመ ክፉውን ወሬ ልጅ ይሸከማል እንጂ በታመመ ሰው ላይ አይጨመርበትም። ከዛ ላይ ደሞ ተስፋው ከተቆረጠ በሽታው ይበረታበታል ብለው የሚያምኑ አሉ፣ ሞትን በስሙ መጥራት መጥራቱ ነው የሚሉም አሉ። ጃፓን ውስጥ ንጉሰ ነገስት ሂሮሂቶ ጥር 1989 ሲሞቱ ካንሰር እንደነበረባቸው ህዝቡ የሰማው ከሞቱ በኋላ ነው። ዛሬ ጃፓን ብዙ ተቀይራለች፣ አሁን ሐኪሞቹ ለታካሚው ይናገራሉ፣ ግን እናንተ የምትይዟቸው የ85 አመት ሰው ያደጉት በዛኛው ዘመን ነው።

አንድ ጥናት ልንገራችሁ፣ በ1995 ጃማ በሚባለው የአሜሪካ ሐኪሞች ማህበር መጽሔት ላይ የወጣ ነው፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 65 አመትና ከዛ በላይ የሆናቸውን 800 ሰዎች ጠየቁ፣ ካንሰሩ የተሰራጨበት ሰው ይነገረው ወይ ብለው። ነጮቹ 87 ከመቶ፣ ጥቁር አሜሪካውያን 88 ከመቶ ይነገረው አሉ፣ ኮሪያ አሜሪካውያኑ ግን 47 ከመቶ ብቻ። ብዙ ሰው ይሄን ሰምቶ "ኮሪያኖች እውነት አይፈልጉም" ብሎ ይሄዳል። እኔ ግን 47 ከመቶ ማለት ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነው የምለው! ፊት ለፊታችሁ የተኙት አዛውንት ከየትኛው ግማሽ እንደሆኑ ሳትጠይቁ አታውቁም።

ስለዚህ መጠየቅ ነው፣ የሚጠየቀውም ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ነው፣ በባለሙያ አስተርጓሚ፣ ልጅየው ሳያስተረጉም። "ውጤቱ ሲመጣ ለርስዎ እንንገር ወይስ ለልጅዎ ይሻላል?" በቃ። አሜሪካ ውስጥ የማወቅ መብቱ የታካሚው ነው፣ ግን ለልጄ ንገሩት ማለትም መብቱ ነው፣ እና ያሉት ቻርት ላይ ይጻፋል። አንድ ቻይናዊ አዛውንት እንደዚህ ስንጠይቃቸው ትንሽ ዝም ብለው "ለልጄ ንገሯት፣ እኔ አውቄዋለሁ" አሉ። እሳቸው ያውቃሉ፣ እሷም እንደሚያውቁ ታውቃለች፣ ግን እስከ መጨረሻው አንድም ቀን ስሙን አልጠሩትም፣ ስትመጣ ብርቱካን ልጣ ታበላቸዋለች፣ ስለ ልጆቿ ትምህርት ያወራሉ። መጀመሪያ ላይ ይከብደኝ ነበር፣ በኋላ እያየሁ እያየሁ እሱ ራሱ ስንብት እንደሆነ ገባኝ። ሲኤንኤ ከሆናችሁ ደሞ መንገርም መደበቅም የናንተ ስራ አይደለም፣ ቤተሰቡ ያላችሁን ወዲያው ለነርሷ ንገሩ።

ስታጠብ ጀርባዋ ላይ ቀይ ሰንበር አየሁ። ተመታ ነው?

የኔን ልንገራችሁ። አንዲት ቬትናማዊት እናት ሳል ጠንቶባቸው ገቡ፣ ጋውናቸውን ሳወልቅ ከአከርካሪያቸው ግራና ቀኝ ረጃጅም ቀይ መስመር፣ ከዛ ደሞ የጎድን አጥንታቸውን ተከትሎ ወደ ጎን የሚወጣ፣ ልክ የዓሣ አጥንት የተሳለባቸው ይመስላል። ደነገጥኩ፣ ባልየውን በክፉ አይን ሁሉ አየኋቸው። ከዛ ጠጋ ስል ቪክስ ቪክስ ይሸታል። አስተርጓሚ በስልክ ስናገኝ ሰውየው ከኪሳቸው ሳንቲምና ትንሽዬ አረንጓዴ ዘይት ያለባት ጠርሙስ አውጥተው አሳዩን፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሿቸው ነው ያደሩት። ለሚስታቸው ከዛ በላይ የሚያደርጉት አልነበራቸውም፣ እኔ ደሞ በልቤ ፈርጄባቸው ነበር።

ቬትናሞች ካው ዞ ይሉታል፣ ነፋስን መፋቅ ማለት ነው፣ ቻይናዎቹ ጓ ሻ ይሉታል። ሃሳቡ በሽታ ያመጣው ነፋስ ቆዳ ስር ገብቷል፣ ይውጣ ነው። ሌላው ክብ ክብ ጥቁር ሰማያዊ ምልክት የሚተወው ነው፣ እሱ የኛው ዋግምት ነው በሉት፣ እኛ በቀንድ እነሱ በብርጭቆ። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ትከሻው ላይ ይዞት የዋኘው እሱን ነው። ሦስተኛው ሞክሳ ነው፣ የደረቀ ቅጠል ቆዳ ላይ ወይ ቆዳ አጠገብ ማጨስ፣ አንዳንዴ የሲጋራ ቃጠሎ የሚመስል ትንሽ ክብ ጠባሳ ይተዋል።

ታዲያ ዝም እንበል? በፍጹም። ያያችሁትን ሪፖርት ማድረግ ግዴታችሁ ነው፣ ግን ያያችሁትን ነው የምትጽፉት እንጂ የገመታችሁትን አይደለም፦ የት ቦታ፣ ምን ቅርጽ፣ ስንት፣ ታካሚዋና ቤተሰቧ ምን አሉ። የመፋቅ ምልክት ብዙ ጊዜ ግራና ቀኙ እኩል ነው፣ ጀርባ አንገት ደረት ላይ ነው፣ በጥቂት ቀን ይጠፋል። ክንድ ላይ የጣት አሻራ የሚመስል ነገር፣ አንዱ የቆየ አንዱ አዲስ የሆነ ቁስል፣ ሰው ሲገባ የምትሸማቀቅ ታካሚ ካያችሁ ያ ሌላ ታሪክ ነው። ታካሚዋንም ለብቻዋ ጠይቁ። ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ወይ ቆዳዋ የሳሳ ከሆነ ደሞ ምልክቱ ከህክምና ቢመጣም ሊጎዳት ይችላል፣ ሐኪሙ ማወቅ አለበት።

ውሃ አልጠጣም ትላለች። ምን ላርግ?

በረዶውን አውጡት! እውነቴን ነው። አንዲት ኮሪያዊት አያት ቻርታቸው ላይ "ፈሳሽ አይወስዱም" ተብሎ ሁለት ቀን ተጽፏል፣ ጠረጴዛው ላይ በረዶ የሞላ ጆግ እንደተቀመጠ ነው፣ ሳይነካ በረዶው ቀልጦ ጠረጴዛው ርሷል። ሞቅ ያለ ውሃ በወረቀት ኩባያ ስናመጣላቸው በሁለት እጃቸው ይዘው አንዱን ጨረሱ፣ ድገሚኝ አሉ።

ከ2000 አመት በፊት ጀምሮ በተጻፈው የቻይና ህክምና ጤና ማለት ሚዛን ነው፣ ዪን የሚባለው ቀዝቃዛ ጸጥ ያለው ወገን፣ ያንግ የሚባለው ሙቅ የሚንቀሳቀሰው ወገን፣ በመሀላቸው ደሞ ቺ የሚሉት የህይወት ጉልበት ይዘዋወራል። የታመመ፣ ያረጀ፣ የወለደ ሰው ሙቀቱ ጎድሏል፣ እሱ ላይ በረዶ መጨመር እሳት ላይ ውሃ መድፋት ነው። ይሄ ለኛ ምኑ እንግዳ ነው? ብርድ መታኝ፣ ምች መታኝ ብለን ዳማ ከሴ የምናሽ ሰዎች ነን። ምግቡም እንደዛው ነው፣ ዝንጅብል ሙቅ ነው፣ ሐብሐብና ኪያር ቢሞቅም ባህሪው ቀዝቃዛ ነው ይላሉ። ትሪው ሳይነካ ከተመለሰ አልበላም ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሾርባ፣ ሩዝ፣ ሞቅ ያለ ነገር ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ፣ ከቤት ማምጣት ይቻል እንደሆነም እንደዛው።

የወለደችው ሻወር አልወስድም፣ ከአልጋ አልነሳም አለች፤ እናቷም ካልሲና ኮፍያ አለበሰቻት።

አራስ ናት እኮ! ቻይናዎቹ ወሩን መቀመጥ ይሉታል፣ ወደ 30 ቀን፣ ቀዝቃዛ ውሃ የለም፣ ነፋስ የለም፣ የአሳማ እግር በዝንጅብል ተቀቅሎ ትበላለች። ኮሪያኖቹ ሚዮክ ጉክ የሚባል የባህር አረም ሾርባ ይሰጧታል፣ ልጁም በየልደቱ ያንኑ ሾርባ ይበላል፣ እናቱን ለማሰብ። ገንፎና አጥሚት፣ በር ዘግቶ መተኛት፣ ክርስትና እስኪደርስ አለመውጣት ያየ ሰው ይሄን ለማስረዳት ቃል አያጣም፣ ለፈረንጅ ነርሶቹ እናንተ አስረዱላት። አንድ ነገር ብቻ፣ ጨርሶ ሳይንቀሳቀሱ መተኛት እግር ላይ ደም እንዲረጋ ያደርጋል፣ ስለዚህ ክፍሉ ሞቆ፣ ካልሲዋን አድርጋ፣ እናቷ ደግፋት ትንሽ ትንሽ ትራመድ። መታጠቡንም በሙቅ ውሃ በፎጣ አድርጉላት።

ቴርሞስ ውስጥ ጥቁር ነገር ይጠጣሉ። መድኃኒት ነው?

ሊሆን ይችላል፣ ግን መድኃኒት ትወስዳላችሁ ወይ ስትሏቸው አይ ይላሉ፣ መዋሸታቸው አይደለም፣ እነሱ ሾርባ ነው፣ ሻይ ነው ብለው ነው የሚያስቡት። ስለዚህ ጥያቄው "ለጉልበት፣ ለጤና ብለው የሚጠጡት ሾርባ ወይ ሻይ አለ?" ይሁን፣ ሳትቆጡ። ምክንያቱም ጂንሰንግ የዋርፋሪንን (የደም ማቅጠኛውን) ጉልበት ሊቀንስ ይችላል፣ ዳንግ ጉዊ የሚባለው ስር ደሞ ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ የመድማት አደጋውን ይጨምራል። ሊኮሪስ የሚባለው ጣፋጭ ስር ብዙ ጊዜ ከተወሰደ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየም ያወርዳል። ቤልጂየም ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለመቅጠን ብለው አሪስቶሎኪያ የሚባል ተክል የተቀላቀለበት ኪኒን የወሰዱ ሴቶች ኩላሊታቸው አልቆ ቀርቷል። የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም የሚባለው አይሰራም፣ ለኛም ለኮሶው ለእንትኑ ሁሉ እንደዛው ነው።

ግን ደሞ የቅጠላ ቅጠል ወሬ ብላችሁ አትናቁት። ኮአርተምን የማያውቅ ሐበሻ አለ? ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ የወባ ዋና መድኃኒቷ ያደረገችው እሱን ነው። ውስጡ ያለው የአርቴሚሲኒን ዘር ከቻይና ነው የመጣው። በ1967 በቬትናም ጦርነት ጊዜ ወታደሩ በወባ ሲያልቅ ቻይና በሚስጥር ፕሮጀክት 523 የሚባል ጀመረች፣ ቱ ዮዮ የምትባል ተመራማሪ የጥንት የህክምና መጻሕፍት ስታገላብጥ፣ ገ ሆንግ የሚባል የታኦ ሊቅ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈውን አገኘች፦ አንድ ጭብጥ ቅጠል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ ይላል። ቀቅል አይልም! እሷ ቅጠሉን ስታፈላው ለካ ሙቀቱ ነው ሲያጠፋው የነበረው፣ በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር አወጣችው፣ ሰራ። በ1972 ንጥረ ነገሩ ተለይቶ ወጣ፣ በ2015 ኖቤል ተሸለመች። አርባ ምንጭም ጋምቤላም ወባ ይዞት የዳነ ሰው ለዚች ሴትና ለዛ ለድሮው ሊቅ ባለውለታ ነው፣ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ቴርሞሱን በሌላ አይን ነው የማየው።

አኩፓንክቸር፣ ታይ ቺ፣ ሜዲቴሽን ይሰራሉ?

ባጭሩ፦ አኩፓንክቸር የሚባለው መርፌ ከኦፕራሲዮንና ከኬሞ በኋላ ለሚመጣ ማቅለሽለሽ እንደሚረዳ የአሜሪካ መንግስት የጤና ተቋም የሰበሰባቸው ባለሙያዎች በ1997 ተስማምተዋል፣ ለሌላው ሁሉ ግን ማስረጃው እኩል አይደለም። ታይ ቺ፣ ቀስ ያለው የቻይና የሰውነት እንቅስቃሴ፣ ለሽማግሌ ሚዛን ጥሩ ነው፣ መውደቅን ይቀንሳል፣ ፓርኪንሰን ላለባቸውም በ2012 በወጣ ጥናት ሚዛናቸውን አሻሽሏል። ማይንድፉልነስ የሚባለውን ሜዲቴሽን፣ ሐሳብን አሁን ላይ መሰብሰቡን፣ ከቡድሂዝም ወስዶ በ1979 ማሳቹሴትስ ሆስፒታል ውስጥ የ8 ሳምንት ኮርስ ያደረገው ጆን ካባት ዚን ነው። ከነዚህ አንዱ ካንሰርን ይፈውሳል የሚል ሰው ከገጠማችሁ ግን አትስሙት፣ ታካሚያችሁም ኬሞዋን ትታ እሱ ጋ እንዳትሄድ ለሐኪሟ ተናገሩ።

እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ክፍሏ ውስጥ የቡድሃ ምስል አለ፣ ዕጣን ታጨሳለች። ኃጢአት ይሆንብኛል?

ሙስሊሞችም ጴንጤዎችም ይሄንኑ ይጠይቁኛል። እኔ ቄስም ሼክም አይደለሁም፣ የምነግራችሁ እንደ ነርስ ነው። ማንም ስገዱ አይላችሁም። የሚጠበቅባችሁ ዕቃዋን በክብር መያዝ ነው፦ ምስሉን መሬት ላይ አታስቀምጡ፣ እግሯ ስር ወይ የሽንት ዕቃው አጠገብ አታድርጉት፣ ከመንካታችሁ በፊት ጓንታችሁን አውልቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከተቻለ ላንሳው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የእመቤታችን ስዕል አልጋ ስር ተወርውሮ ብታገኙት ምን እንደሚሰማችሁ ታውቁታላችሁ።

ዕጣኑ ግን ሌላ ነው፣ ኦክስጅን ያለበት ክፍል ውስጥ እሳት የሚባል ነገር የለም፣ ቤት ለቤት የምትሰሩ በተለይ! ሰው የተቃጠለበት ነገር ነው። በባትሪ የሚሰራ ሻማና ዕጣን መሳይ መብራት ይሸጣል፣ ብዙ ቤተሰብ ምክንያቱ ከተነገረው ይቀበላል።

ህመም የለኝም ይላሉ ግን ፊታቸው ይናገራል።

ጃፓኖች ጋማን ይሉታል፣ እኛ መቻል የምንለው ነው፣ ሳያጉረመርሙ መሸከም። ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው ስትሏቸው ሁለት ይላሉ፣ አልጋውን ግን በጥፍራቸው ይዘውታል። ቁጥሩን ተዉትና "ሌሊት ስንት ጊዜ ነቁ? በየትኛው ጎን መተኛት አቃተዎት?" በሉ። ቡድሂስቶቹ ውስጥ ደሞ አእምሮዬ ጥርት ብሎ ልሙት ብሎ ሞርፊን የማይፈልግ አለ፣ እሱን ሆስፒሱ (ለመሞት የተቃረበን ሰው የሚንከባከበው ቡድን) የመድኃኒቱን መጠን አስተካክሎ ሊመልሰው ይችላል፣ ምክንያቱን ካወቀ። አንድ ሌላ ነገር፣ እሺ እሺ እያሉ ራስ መነቅነቅ ተስማማሁ ማለት ላይሆን ይችላል፣ ሰምቼሻለሁ፣ ፊትሽን አላሳፍርም ማለት ነው። የገባቸው መሆኑን በራሳቸው አንደበት እንዲነግሯችሁ አድርጉ።

ከዚሁ ጋር፣ ኮሪያዊት እናት ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቆልሏል፣ እሳት ሽቅብ ይወጣብኛል ካለቻችሁ መጀመሪያ ልቧ ይታይ። ልቧ ደህና ከሆነ ሁዋብዮንግ ሊሆን ይችላል፣ የእሳት በሽታ ማለት ነው፣ ለአመታት የታፈነ ንዴትና ሀዘን። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መጽሐፍ በ1994 በስሙ መዝግቦታል። ዲፕሬሽን አለብሽ ሲሏት ትቆጣለች፣ ምን ታፍኖ ነው የቆየው ስትሏት ግን ታወራለች። የኛም እናቶች ልቤን አፈነኝ ሲሉ እኮ እንደዛው ነው።

ትንንሽ የማይደረጉ ነገሮች አሉ?

አሉ። ሩዝ ላይ ማንኪያ ወይ ቾፕስቲክ ቀጥ አድርጋችሁ አትሰኩ፣ ለሙት የሚሰካ ዕጣን ይመስላል፤ እኔ አንዴ ሰክቼ ልጅየዋ ምንም ሳትናገር ቀስ ብላ አስተኛችው። ነጭ ሰሌዳው ላይ ስማቸውን በቀይ ማርከር አትጻፉ፣ በቀይ የሚጻፍ ስም ከሞት ጋር ይያያዛል። አራት ቁጥር በቻይንኛም በጃፓንኛም በኮሪያኛም ድምጹ ከሞት ጋር ይመሳሰላል፣ እዛ ብዙ ሆስፒታል 4ኛ ክፍል የሚባል የለውም፣ ክፍል ቀይሩኝ ካሉ እና ባዶ ካለ ምን ችግር አለው።

ምን ብዬ ልጥራቸው?

በስማቸው ብቻ አትጥሯቸው፣ እኛ አባባ እማማ እንደምንለው ነው። ኮሪያኖቹን ሃልሞኒ (አያት)፣ ሃራቦጂ (ወንድ አያት) ማለት ብዙ ጊዜ ደስ ይላቸዋል፣ ጃፓኖቹን የቤተሰብ ስም ላይ ሳን ጨምሩ። የቤተሰብ ስም ፊት ነው የሚመጣው፣ ቻይናና ኮሪያ ደሞ ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፣ እና ባልና ሚስት የተለያየ ስም ሲኖራቸው ፈረንጁ ግራ ይጋባል፣ እኛ አንጋባም። ኪኒን ሲሰጡ በሁለት እጅ፣ ወይ በቀኝ እየሰጡ በግራ ክንድን ደገፍ፣ ይሄን እናታችን ናት ያስተማረችን፣ ኮሪያም ልክ እንደዛው ነው። ከየት ነሽ ብለው ኢትዮጵያ ስትሉ ደሞ አንዳንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ እጃችሁን ይይዛል፣ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1951 እዛ መድረሳቸውን አይረሱም። እኔን አንድ ሃራቦጂ እጄን ይዘው አለቀሱ፣ ምን እንደምል ጠፋኝ።

ልጆቹ "ሁሉንም አድርጉላት፣ ፊዲንግ ቲዩብም (የምግብ ቱቦ) ይግባ" ይላሉ። ሰውነቷ ግን አልቻለም።

እነዚህ ልጆች እናታቸውን ነርሲንግ ሆም ያስገቡ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የላቸውም። ቻይና ውስጥ ልጅ ወላጁን እንዲጠይቅ ከ2013 ጀምሮ በህግ ተደንግጓል፣ እዛ ድረስ ነው ነገሩ። ምግብ ይቁም ሲባሉ የሚሰሙት እናትሽን በረሃብ ግደያት ነው፣ ተርቦ የሞተ ነፍስ እረፍት የለውም የሚል እምነትም አለ። ስለዚህ እናቋርጥ የሚለው ቃል ራሱ በሩን ይዘጋዋል። እኔ ያየሁት የሚሰራው፣ ሐኪሙ "እናታችሁ ዛሬ መናገር ቢችሉ ምን ይሉን ነበር?" ሲል ነው፣ ያኔ ውሳኔው የልጅ ጭካኔ መሆኑ ቀርቶ የእናትን ቃል ማክበር ይሆናል። እናንተ ደሞ አፏን በእርጥብ ስፖንጅ ስታብሱ፣ ጸጉሯን ስታበጥሩ ልጆቹ ይዩ፣ ሴት ልጇ ራሷ እንድታደርገው ስጧት። አገራቸውም ዝም አላለም፣ ደቡብ ኮሪያ ከየካቲት 2018፣ ታይዋን ከጥር 2019 ጀምሮ ሰው በቁሙ ሳለ የመጨረሻውን ህክምና በጽሁፍ እንዲወስን በህግ ፈቅደዋል፣ ይሄን ብትነግሯቸው አሜሪካ ያመጣው ጣጣ አለመሆኑን ያያሉ።

የአካል ልገሳ ሲጠየቁ ለምን ይደነግጣሉ?

ከኮንፊሽየስ ወገን የመጣ ጥንታዊ ትምህርት አለ፣ ሰውነት ጸጉርና ቆዳ ከወላጅ የተሰጠ ነው፣ አለመጉዳት የልጅነት ግዴታ መጀመሪያ ነው የሚል። ጃፓን ደሞ በ1968 ሳፖሮ ላይ የተደረገው የመጀመሪያው የልብ ንቅለ ተከላ ሰጪው በእውነት ሞቶ ነበር ወይ ተብሎ ሐኪሙ በወንጀል እስከመከሰስ ደርሶ ነበር፣ ክሱ ቢቀርም ህዝቡ አመኔታ አጣ፣ ህግ የወጣው በ1997 ነው። ሁሉም ግን እንደዛ አይደለም። ታይዋን ውስጥ መነኩሲቷ ቼንግ የን በ1966 የመሰረተችው ጹ ቺ የሚባል የቡድሂስት ማህበር አለ፣ ሆስፒታሎች አሉት፣ አባላቱ ሲሞቱ አስከሬናቸውን ለህክምና ተማሪዎች ይለግሳሉ፣ ተማሪዎቹ ከመጀመራቸው በፊት ስለ ሰውየው ህይወት ይማራሉ፣ ቤተሰቡን ያገኛሉ፣ አስከሬኑንም ዝምተኛው መምህር ይሉታል።

ቡድሂስት ታካሚ ሲሞት ምን ላርግ?

ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሌሊት ሺፍት ላይ ከሞቱ በኋላ አይደለም። አንዳንዶቹ፣ በተለይ ቻይናዎቹና ታይዋኖቹ፣ ነፍስ ወዲያው ስለማትወጣ ለ8 ሰዓት ገላው አይነካ፣ አይታጠብ፣ አይንቀሳቀስ፣ አጠገቡ አይለቀስ ይላሉ፣ አሚታባ የሚባለውን ቡድሃ ስም እየደጋገሙ ይዘምራሉ። ለኛ ያለ ለቅሶ ሞት ይከብዳል፣ ግን እዛ ክፍል ውስጥ ድምጻችንን እንቆጣጠር። የሁሉም ተቋም ህግ 8 ሰዓት ላይፈቅድ ይችላል፣ ግን ሱፐርቫይዘሯ በጊዜ ከተነገራት የፈቀደችውን ያህል ታገኛላችሁ፣ አራት ሰዓትም ቢሆን ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር ነው። ቱቦና መርፌ መቼ እንደሚነቀል አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ የቀብር ቤቱ መኪና መቼ ይምጣ የሚለውንም፣ ቻርቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ። እስከ 49ኛው ቀን ድረስ ጸሎት አላቸው፣ እኛ ለ40 ተዝካር እንደምናወጣው፣ እና ልጆቹ በሳምንቱ ደውለው የቀረ ዕቃ ካለ ብለው ሲጠይቁ አትቆጧቸው።

አንድ ሌሊት አባቱ የሞቱበት ልጅ ትንሽዬ፣ ሬዲዮ የምታክል፣ ዝማሬውን ራሷ እየደጋገመች የምታሰማ ሳጥን ትራሳቸው አጠገብ አስቀምጦ ቆሟል፣ ጎረቤት ክፍል ያሉት ሰው እንዳይረበሹ ላጥፋው ወይ አለኝ። ተወው አልኩት፣ በሩን ገፋ አድርጌ ወጣሁ፣ ጠዋት ሪፖርት ስሰጥ አሁንም ይሰማ ነበር።